የፒዲኤችኤ1 አንቲቦዲዬ ሦስት ባንድ ያሳየኛል፤ ልጣለው ወይ?

ጥያቄ፦ «ፓይሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባለው የማይቶኮንድሪያ ኢንዛይም ክፍል የሆነውን የፒዲኤችኤ1ን መጠን በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል በክብደት ለይቶ በአንቲቦዲ በማየት) እየለካሁ ነው። አንቲቦዲው ከአይጥ የተሠራ ሞኖክሎናል ነው። በሄፕጂ2 ሴሎች ላይ 43 ኪሎዳልተን አካባቢ አንድ ጥርት ያለ ባንድ አገኛለሁ። በአይጥ ጉበት ላይ ግን ከ43ቱ ሌላ 50 እና 25 አካባቢ ሁለት ወፋፍራም ባንዶች ይመጣሉ። ሜምብሬኑን መጀመሪያ በአክቲን (ሳምፕሎቹ እኩል መጫናቸውን በማይበት ፕሮቲን) አይቼ፣ ስትሪፕ አድርጌ (አንቲቦዲውን አጥቤ) ነው ለፒዲኤችኤ1 የምጠቀምበት። ለሴሎቹ ኢንዛይሙን የሚያነቃውን ዲሲኤ (ዳይክሎሮአሴቴት) ስሰጣቸው ደግሞ ባንዱ ንቅንቅ አይልም። ፕሮቲኑስ ማይቶኮንድሪያ ከገባ በኋላ 40 መሆን ሲገባው ለምን 43 ላይ ይወጣል? አማካሪዬ ‹አንቲቦዲው አይረባም፣ ሌላ እናዝዝ› ብለዋል። ለኢሚዩኖፍሎረሰንስም (ፕሮቲኑን በሴሉ ውስጥ በሚያበራ ቀለም ለማየት) ላውለው አስቤ ነበር። ምን ይሻላል?»

አንቲቦዲውን አይጣሉት። ሌላም ለማዘዝ አይቸኩሉ። እርስዎን ያስጨነቁት ሁለቱ ባንዶች የአንቲቦዲው ጥፋት አይመስሉም። የዲሲኤው ውጤትም ቢሆን ሊያስደነግጥዎት አይገባም። መጠርጠር ያለበት ማንም ያልጠረጠረው፣ ያ ጥርት ያለው የሄፕጂ2 ባንድ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። 50 እና 25 አብረው ሲመጡ ዌስተርን የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂን ነው። ይህ በደም ውስጥ በብዛት የሚዘዋወረው አንቲቦዲ ሁለት ከባድና ሁለት ቀላል ሰንሰለቶች አሉት። ሳምፕል ባፈሩ ውስጥ ያለው ዲቲቲ ወይም መርካፕቶኤታኖል ሰንሰለቶቹን ያላቅቃቸዋል። ከባዱ 50፣ ቀላሉ 25 ኪሎዳልተን ላይ ይወጣል። ጉበት ደግሞ ደም የሞላበት አካል ነው። ደሙን ሳያስወጡ ከፈጩት የአይጡ የራሱ አንቲቦዲም አብሮ ይፈጫል። የእርስዎ ሰከንደሪ፣ ማለትም ፕሮቲኑን ከሚይዘው አንቲቦዲ (ከፕራይመሪው) በኋላ የሚጨመረውና ባንዱን የሚያበራው አንቲቦዲ፣ የተሠራው የአይጥ አንቲቦዲ ባየበት እንዲጣበቅ ነው። ቱቦ ከፍተው የጨመሩት ይሁን ከእንስሳው ደም የመጣ፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ሄፕጂ2 ግን ከሰው ጉበት ካንሰር የተወሰደ፣ በሰሃን የሚያድግ ሴል ነው። የአይጥ ደም ስለሌለበት ሁለቱ ባንዶች እዚያ አይታዩም።

ይህን ማረጋገጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የጉበት ሳምፕል ካለበት ሜምብሬን አንድ ቁራጭ ይቁረጡ። ፕራይመሪ ሳይነካው ሰከንደሪውን ብቻ ያድርጉበት። 50ውና 25ቱ ከነውፍረታቸው ብቅ ካሉ ነገሩ አለቀ፤ ፕራይመሪው ነጻ ነው። ይህን ኮንትሮል ብዙ ሰው ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። በእኔ እምነት ግን በአይጥ ሕብረ ሕዋስ ላይ የአይጥ አንቲቦዲ የሚጠቀም ሰው ይህን ሳያደርግ ምስል ለማንም ማሳየት የለበትም።

ችግሩን የማለፊያው መንገድ ከአንድ በላይ ነው። አንዱ ጉበቱን ከማውጣትዎ በፊት በደም ሥሩ በኩል በሳላይን ማጠብ ነው። ባንዶቹን ያሳንሳቸዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋቸውም። ሌላው ቀላሉን ሰንሰለት ብቻ የሚይዝ ሰከንደሪ መጠቀም ነው። 25ቱ ይቀራል፣ 50ው ይሄዳል። የእርስዎ ፕሮቲን 43 ላይ ስለሆነ ይህ ይበቃዎታል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ለአይጥ ሕብረ ሕዋስ ከጥንቸል የተሠራ ፕራይመሪ መያዝ ነው። ፀረ ጥንቸሉ ሰከንደሪ የአይጡን አንቲቦዲ ዞር ብሎ አያየውም፤ በሌላ እንስሳ አንቲቦዲ ላይ እንዳይጣበቅ የተጣራውን ይምረጡ። «50ው ላይ ያለው ባንድ ምን አገባኝ፣ እኔ የምለካው 43ቱን ነው» የሚልም አለ። ይህ አያዋጣም። ከባዱ ሰንሰለት ሲበዛ ጥላው ወደ ታች ይፈስና የ43ቱን ልኬት ያበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቤታ አክቲን 42 ኪሎዳልተን አካባቢ ይወጣል። ፒዲኤችኤ1 ደግሞ 43 አካባቢ። በተለመደው 10 ወይም 12 ፐርሰንት ጄል ላይ ሁለቱን በዓይን መለየት ዘበት ነው። አክቲን በሴል ውስጥ እጅግ ብዙ ነው፤ ፒዲኤችኤ1 በሄፕጂ2 ውስጥ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ስትሪፕ ማድረግ ደግሞ አንቲቦዲን ሙልጭ አድርጎ የሚያጥብ ሥራ አይደለም። ጥቂት ይቀራል። የአክቲን አንቲቦዲዎ፣ ገበያው ላይ እንዳሉት ብዙዎቹ፣ የአይጥ ሞኖክሎናል ከሆነ፣ ቅሪቱንም ፒዲኤችኤ1ንም የሚያበራው ያው አንድ ሰከንደሪ ነው። ታዲያ ያ ጥርት ያለ ባንድ የማን ነው? ከምስሉ ተነስቶ መመለስ አይቻልም። ባንዱ በዲሲኤ አለመነቃነቁም አይለየውም፤ የፒዲኤችኤ1 ጠቅላላ መጠንም፣ ወደ ኋላ እንደምንመለስበት፣ በዲሲኤ አይነቃነቅም። አክቲን ደግሞ የሚመረጠው እኮ እንዳይነቃነቅ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ሜምብሬን ማንም ሳይነካው ለፒዲኤችኤ1 ይጠቀሙበት። አክቲን እንዲያውም ከዚህ ሥራ ይውጣ። በምትኩ ሜምብሬኑን በፖንሶ ቀለም ቀብተው አጠቃላይ ፕሮቲኑን ፎቶ ያንሱ፤ ወይም ከ115 ኪሎዳልተን በላይ የሚወጣውን ቪንኩሊን ይጠቀሙ። ቱቡሊን 50 አካባቢ ስለሚወጣ ጉበት ላይ ከከባዱ ሰንሰለት ጋር ይጋጭብዎታል። ጋፕዲኤች 37 ላይ ነው፤ ጄልዎ በደንብ ካልለየው እሱም ጣጣ ነው። ስትሪፕ ማድረግ ግድ ከሆነብዎት፣ ከስትሪፑ በኋላ መጀመሪያ ሰከንደሪውን ብቻ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ባዶ ሜምብሬን ካዩ ይቀጥሉ። ጥላ ካዩ አይቀጥሉ።

የ43 እና የ40 ጥያቄዎ በተገቢው ቦታ የተነሳ ነው፤ ነገር ግን ዌስተርን ሊመልሰው አይችልም። ፒዲኤችኤ1 ከኑክለስ ጂን ተገልብጦ ከማይቶኮንድሪያ ውጭ ሲሠራ 390 አሚኖ አሲድ አለው። ያን ጊዜ ወደ 43 ኪሎዳልተን ይመዝናል። ከፊቱ ያሉት 29 አሚኖ አሲዶች ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚያስገቡት አድራሻዎች ናቸው። ከገባ በኋላ ይቆረጡና 361 አሚኖ አሲድ ይቀራል፤ ክብደቱም ወደ 40 ይወርዳል። የሻጮች ገጽ 43 ብሎ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ያልተቆረጠውን ቆጥሮ ነው። ጄል ላይ ግን ፕሮቲን የሚጓዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ቀለም የተቀባው የመለኪያ ላደርም ራሱ በጥቂት ኪሎዳልተን ይዋሻል። የ3 ኪሎዳልተን ልዩነት ይዘው «ይህ ያልተቆረጠው ነው» ወይም «ይህ የእኔ ፕሮቲን አይደለም» ብለው አይከራከሩ። ከሚጠበቀው በጥቂቱ ዝቅ ወይም ከፍ ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። በትክክለኛው ቦታ መውጣቱም ማስረጃ አይሆንም፤ አክቲን ምስክር ነው።

ማስረጃ የሚሆነው ፕሮቲኑ የሌለበት ሳምፕል ነው። በ2016 የአንቲቦዲ ማረጋገጫ ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን አምስት መንገዶችን አስቀምጧል። ጂኑን ማጥፋት ወይም ማዳከም፣ አንቲቦዲ ከማይፈልግ ዘዴ ጋር ማመሳከር፣ በሌላ ቦታ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ፣ ምልክት የተለጠፈበት ፕሮቲን፣ እና አንቲቦዲው የያዘውን በማስ ስፔክትሮሜትሪ ማየት። ለእርስዎ የመጀመሪያው ከሌሎቹ ይልቃል። ፒዲኤችኤ1 የጠፋባቸው ሴሎች በሰሃን ላይ ብዙውን ጊዜ በሕይወት ይኖራሉ፤ ከግላይኮሊሲስና ከግሉታሚን እየኖሩ ያድጋሉ። ስለዚህ ኖክአውት (ጂኑ የጠፋበት) ሴል መሥራትም ሆነ ከሌላ ላብራቶሪ የላይሴት (የተፈጨ ሴል) ቁንጣሪ መለመን የሚቻል ነገር ነው። ካልሆነ የጂኑን ኤምአርኤንኤ በሚያጠፋው አጭር አርኤንኤ፣ በኤስአይአርኤንኤ፣ ያዳክሙት። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የማይቶኮንድሪያ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ረጅም ነው። በ24 ሰዓት ኤምአርኤንኤው ቢወርድም ፕሮቲኑ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል። ከ72 እስከ 96 ሰዓት ይታገሱ፤ አለበለዚያ ጥሩውን አንቲቦዲ በሐሰት ይከሱታል።

ሁለት አቋራጮች በዚህ ጉዳይ ላይ አይሠሩም። አንደኛው ሮ ዜሮ የሚባሉትን፣ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሌላቸውን ሴሎች እንደ ኔጋቲቭ ኮንትሮል መጠቀም ነው። የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚሠራው 13 ፕሮቲኖችን ብቻ ነው፤ ፒዲኤችኤ1 ከእነሱ ውስጥ የለም። ጂኑ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ሮ ዜሮ ሴል ውስጥ ባንዱን ቢያዩት አይደነቁ። ሁለተኛው ሻጮች የሚሸጡት ብሎኪንግ ፔፕታይድ ነው። ፔፕታይዱ ሲጨመር ባንዱ ጠፋ ማለት አንቲቦዲው ፔፕታይዱን ይወዳል ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። በስህተት የያዘውም ባንድ አብሮ ይጠፋል።

«ሌላ እናዝዝ» ለሚሉት አማካሪዎ ደግሞ ይህን ያሳዩዋቸው። ለ65 ፕሮቲኖች የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎችን በኖክአውት ሴሎች የፈተነ ትልቅ ሥራ ታትሟል። ብዙዎቹ ስማቸው የተጻፈበትን ፕሮቲን ማየት አልቻሉም። በጥናት ላይ ሲውሉ የቆዩም ነበሩባቸው። በአማካይ የተሻሉት ሪኮምቢናንት የተባሉት፣ የሠራቸው የጂን ቅደም ተከተል የታወቀው ናቸው። አንድን ያልተፈተነ ቱቦ በሌላ ያልተፈተነ ቱቦ መተካት ዕጣ እንደማውጣት ነው።

ዲሲኤን በተመለከተ ያለው አለመግባባት በጣም የተለመደ ነው። ፓይሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝ ፓይሩቬትን ወደ አሴቲል ኮኤ የሚለውጥ ትልቅ ውሑድ ነው፤ ፒዲኤችኤ1 የኢ1 ክፍሉ አልፋ ንዑስ ክፍል ነው። ሴሉ ይህን ኢንዛይም የሚያበራውና የሚያጠፋው ፕሮቲኑን እየሠራና እያፈረሰ ሳይሆን ፎስፌት እየለጠፈና እየነቀለ ነው። ፒዲኬ የሚባሉ አራት ካይኔዞች በሴሪን 293፣ 300 እና 232 ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። ኢንዛይሙ ይዘጋል። ፒዲፒ የሚባሉት ፎስፋቴዞች ይነቅሉታል። ኢንዛይሙ ይከፈታል። ዲሲኤ የሚሠራው ፒዲኬን በመከልከል ነው። ስለዚህ በሰዓታት ውስጥ ፎስፌቱ ይቀንሳል፤ የፕሮቲኑ ጠቅላላ መጠን ግን ባለበት ይቆያል። የእርስዎ አንቲቦዲ የሚያየው ጠቅላላውን ነው። ባንዱ ባይነቃነቅ ምን ይገርማል?

የሚፈልጉት በሴሪን 293 ላይ ፎስፌት ያለበትን ቅርጽ ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ነው። ዲሲኤ ከሠራ የዚህ ባንድ መውረድ አለበት። ልብ ይበሉ፣ ብዙ ሰው «ፎስፎሪሌሽን ጨመረ» ሲባል «ኢንዛይሙ ነቃ» ብሎ ይሰማል። እዚህ ተቃራኒው ነው፤ ባንዱ ሲደምቅ በሩ ተዘግቷል። ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አንዳንድ ጽሑፎች ይህንኑ ቦታ ሴሪን 264 ይሉታል። ከላይ ያልኳቸውን 29 አሚኖ አሲዶች ቆርጠው ስለሚቆጥሩ ነው። 293 ሲቀነስ 29፣ 264። አንድ ቦታ ነው፤ ሁለት አንቲቦዲ አይግዙ።

የፎስፎ አንቲቦዲ ትልቁ ጠላት የሳምፕል አያያዝ ነው። ፎስፌቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል። ሴሎቹን በትሪፕሲን አስነስተው፣ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክረው፣ ከዚያ ላይሴት ካደረጉ፣ የሚለኩት የራስዎን የእጅ ሥራ ነው። ሰሃኑን በረዶ ላይ ያድርጉ፣ በቀዝቃዛ ፒቢኤስ አንዴ ያጥቡ፣ ሶዲየም ፍሎራይድና ሌሎች ፎስፋቴዝ ከልካዮች ያሉበትን ባፈር አፍስሰው እዚያው ይፋቁት። ጉበት ከሆነ ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዝቅዝ። ማይቶኮንድሪያ ለይቶ ማውጣት ለጠቅላላው መጠን ጥሩ ነው፤ ለፎስፎው ግን ረጅም ሂደት ስለሆነ አይመከርም። ለዚህ ሥራ ጉበቱን ለማጠብም መዘግየት የለብዎትም። ሜምብሬኑን በወተት ፋንታ በቢኤስኤ ብሎክ ያድርጉ፤ የወተት ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ነው። አንድ ላይሴት በላምዳ ፎስፋቴዝ ያክሙና ጎን ለጎን ይጫኑት። ባንዱ ከጠፋ አንቲቦዲው በእርግጥ ፎስፌቱን ነው የሚያየው።

አሁን ያንን «የማይረባ» የአይጥ አንቲቦዲ ለምን አይጣሉት እንዳልኩ ይታይዎታል። በኖክአውት ወይም በኤስአይአርኤንኤ ፈተናውን ካለፈ፣ ለሄፕጂ2 ሥራ የፎስፎው ጥሩ ጓደኛ ነው። የፎስፎው ከጥንቸል ይሁን፣ የጠቅላላው ከአይጥ። በሁለት ቀለም ፍሎረሰንት ሰከንደሪዎች ሁለቱንም በአንድ ሜምብሬን ላይ፣ በአንድ ጊዜ ያያሉ። ስትሪፕ የለ፣ የአክቲን ጥላ የለ። የሚዘግቡትም የፎስፎውን ለጠቅላላው ሲካፈል ነው። መጀመሪያ ግን እያንዳንዱን ለብቻው ሞክረው ምልክታቸው እንደማይደባለቅ ይዩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም አንቲቦዲ የማይነግርዎት ነገር አለ። የሴሪን 293 ባንድ ወረደ ማለት በኢንዛይሙ የሚያልፈው ፓይሩቬት በዚያው ልክ ጨመረ ማለት አይደለም። ውሑዱ በኤንኤዲኤችና በራሱ ምርት በአሴቲል ኮኤም ይታፈናል። «ኦክሲዴሽን ጨመረ» ብለው መጻፍ ካማረዎት የኢንዛይም እንቅስቃሴ መለኪያ ወይም በካርቦን 13 የተደረገ ክትትል ያስፈልግዎታል። ጠቅላላው መጠን በሕክምና ወይም በጾም ሲቀንስ ካዩ ደግሞ ፒዲኤችኤ1 ብቻውን ቀነሰ ወይስ ማይቶኮንድሪያው በጅምላ ቀነሰ የሚለውን ይለዩ። ፖንሶም ቪንኩሊንም ይህን አይመልሱም። የማይቶኮንድሪያ ፕሮቲኖች የሆኑት፣ 32 አካባቢ የሚወጣው ቪዲኤሲ ወይም 17 አካባቢ የሚወጣው ኮክስ 4 ይመልሳሉ። ሁለቱም ከ43 ይርቃሉ።

ስለ ኢሚዩኖፍሎረሰንሱ አጭር መልስ አለኝ፤ አሁን አይደለም። ዌስተርን ላይ ፕሮቲኑ ተዘርግቷል፤ በፎርማልዴሃይድ ባለበት እንዲቆይ በተደረገ ሴል ውስጥ ግን ታጥፎ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው። አንዱን ያለፈ አንቲቦዲ ሌላውን ሊወድቅ ይችላል። ከሞከሩት ኖክአውቱን ሴል ከመደበኛው ጋር በአንድ ስላይድ ላይ ቀላቅለው ያሳድጉና ልዩነቱን ይዩ። ፕሮቲኑ ያለው በማይቶኮንድሪያው ውስጠኛ ክፍል (በማትሪክስ) ውስጥ ስለሆነ በጥቂት ዲጂቶኒን የውጪውን ሽፋን ብቻ ከከፈቱ አንቲቦዲው አይደርስበትም፤ የውስጡንም ሽፋን የሚከፍተው ትራይተን ይሻላል። ኑክለስ ላይ ብርሃን ካዩ ወዲያው ቆሻሻ ነው ብለው አይጣሉት፤ ውሑዱ በኑክለስ ውስጥም እንደሚገኝ ከ2014 ጀምሮ ተዘግቧል። ያለ ኖክአውት ግን ወዲያው አይመኑት።

ምክሬ ይኸው ነው። በዚህ ሳምንት አዲስ ሜምብሬን ላይ፣ አክቲን ሳይነካው፣ ሄፕጂ2ን ከነኤስአይአርኤንኤው ከጉበቱ ጎን ይጫኑ፤ አንድ የጉበት ቁራጭ ደግሞ በሰከንደሪ ብቻ ይሂድ። የ43ቱ ባንድ በኤስአይአርኤንኤው ከወረደ አንቲቦዲው ለሴሎቹ ይቀጥላል። ገንዘቡን የሴሪን 293 የጥንቸል አንቲቦዲ ይግዙበት። ለጉበቱ ሥራ በኖክአውት የተፈተነ፣ ከጥንቸል የተሠራ ሪኮምቢናንት የጠቅላላ አንቲቦዲ ይጨምሩ። ባንዱ ካልወረደ አማካሪዎ ልክ ናቸው፤ ያኔ ይጣል። የትኛውንም ቢይዙ የካታሎግና የሎት ቁጥሩን ከምስሉ ጋር ይጻፉ፤ አዲስ ሎት በመጣ ቁጥርም የድሮውን ላይሴት ከማቀዝቀዣ አውጥተው ጎን ለጎን ያስኪዱት። ለዚህ ሲባል ከዛሬው የኤስአይአርኤንኤ ላይሴት ጥቂት ቱቦ ከፋፍለው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ።